የማታጎርዳው ከረጢት

አይናዲስ ሰው አታምንም። ይህንን ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ያለው የአፓርታማ ግቢዋ በሙሉ ያውቃል። ከማኔጅመንት ቢሮ አንድ ወረቀት በር ላይ የተለጠፈ እንደሆነ ጎረቤቶቿ ይዘውት እሷ ዘንድ ይሮጣሉ፤ ተንኮል ካለበት ከአይናዲስ ዓይን አያመልጥም፣ ተንኮል ባይኖርበትም ፈልጋ አታጣም። እንቁላል ስትገዛ ካርቶኑን ከፍታ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ታገላብጣለች። የታሸገ ውሃ ክዳኑ ቀጭ ማለቱን በጆሮዋ ካልሰማች አትጠጣም። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘላት እንደሆነ ፋርማሲስቱን "አንተ ብትሆን ትውጠው ነበር?" ብላ ትጠይቀዋለች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለውን ተረት ከጠዋት ጸሎቷ እኩል ትደግማታለች።

እንዲህ የሆነችው በከንቱ አይደለም። ወጣት ሳለች ከአገር ወጥታ ገዳሪፍ ላይ፣ አንድ ሾፌር ካርቱም አደርሳችኋለሁ ብሎ እሷንና ሌሎች አሥራ አራት ሰዎችን በሸራ በተሸፈነ የጭነት መኪና አሳፈራቸው። ከማለዳ ጀምሮ ሲነዳ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሸራው ሲገለጥ ጠዋት የተነሡበት የእሾህ አጥር ሥር ቆመዋል፤ ለካ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲያዞራቸው ነው የዋለው። ሌሎቹ አለቀሱ። አይናዲስ አላለቀሰችም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን "ከዚህ ቦታ ነው የመጣሁት" የሚላትን ሾፌር አምና አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ዳላስ ኖራም አልለቀቃትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ይህ ጠባይ ሌላ ቦታ ቢሆን ከሥራ ያስባርራት ነበር። እሷ ግን መጠርጠር ደሞዝ የሚከፈልበት ቤት አገኘች። ቤቱም የኦይስተር ሬስቶራንት ነው።

ኦይስተር፣ ለማያውቀው ሰው፣ ሸካራ ድንጋይ በሚመስል ዛጎል ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። ፈረንጅ ዛጎሉን በአጭር ቢላ ፈልቅቆ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎበት፣ ከነሕይወቱ ከነጨው ውሃው ይውጠዋል። የትውልድ ቦታውንም እንደ ሙሽራ ዘር ይቆጥሩለታል፤ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ልጅ ነው፣ የምዕራቡ ነው፣ የቴክሳስ ነው እየተባለ እንደ ባሕሩ ስሙም ጣዕሙም ይለያያል። ሞቶ የሰነበተ ወይም ከተበከለ ውሃ የወጣ ከሆነ ግን ሰውን ሆስፒታል ያስገባል። ስለዚህ በየከረጢቱ ላይ ታግ ይንጠለጠላል፤ ከየትኛው ባሕር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደወጣ የሚናገር ወረቀት። ከረጢቱ ካለቀ በኋላም ታጉ ዘጠና ቀን ይቀመጣል፤ ሕግ ነው። አይናዲስ ይህን ሕግ የሰማች ቀን፣ በአሜሪካ ምድር እንደ እሷ የሚያስብ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘች መሰላት።

ሥራ የጀመረችው በዕቃ አጣቢነት ነው። ብዙም ሳይቆይ የኋላ በር ተረካቢ ሆነች፣ ከዚያ ባሩ ላይ ኦይስተር ከፋች። ሁለት ዛጎል አንሥታ እርስ በርስ ታጋጫለች፤ ድምፁ ድፍን ከሆነ ደኅና ነው፣ ባዶ ቅል ሲመታ የሚሰማውን ከመሰለ ሞቷልና ወደ ቆሻሻ። ዓይኗም ከጆሮዋ አያንስም። የሰሜኑ ክብ ይላል። የምዕራቡ ትንሽና ጎድጓዳ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ ነው። የቴክሳሱ ትልቅ፣ ረጅም፣ ጭቃ የለበሰ፣ በጀርባው ሌላ ዛጎል ያዘለ። ታግ ሳታይ ከየት እንደመጡ ስትናገር ሼፉ አሌክስ ሰው እየጠራ ያሳያት ነበር። አሌክስ የዳላስ ልጅ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ቀና፣ ያመነውን እስከ መጨረሻ የሚያምን፣ የጠላውንም እንዲሁ። ከባሩ በላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በየቀኑ በጠመኔ "የአይና ምርጫ" ብሎ ይጽፋል፤ ደንበኛውም እሱን እያየ ያዝዛል።

እንግዲህ ጉዷን እንናገር። አይናዲስ እዚህ ቤት በሠራችበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ኦይስተር ቀምሳ አታውቅም።

እንዴትስ ትቀምሳለች? ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ የተጻፈውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገች ናት። ይህን ግን ለአሌክስ አልነገረችውም። መጀመሪያ ባሩ ላይ ሊያቆማት ሲያስብ "ትወጂዋለሽ አይደል?" ብሎ ጠየቃት፤ ከዕቃ ማጠቢያው እንፋሎት ለመውጣት ስትል "በጣም" አለችው። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ። በየጠዋቱ "አይና፣ ዛሬስ ምን ይላሉ?" ሲላት ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ኦይስተሯን መዳፏ ውስጥ ወደ ደበቀችው ናፕኪን ታንሸራትታለች፣ ከዚያ አፏን ትጠርጋለች። ቃሉን የምታገኘው ከደንበኞች ነው። አንዱ "መጀመሪያ ጨው፣ ኋላ ኪያር" ይላል፤ ሌላው "ሳንቲም ሳንቲም አለኝ" ይላል፤ ሁሉንም እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። የአየር ትንበያም ትከታተላለች። የባሕሩ ዳርቻ ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ በሳምንቱ "ጨው ጎድሎታል" ትላለች፤ አሌክስ ይቀምስና "ይቺ ሴትዮ እንዴት ያለ ምላስ ነው ያላት!" ይላል። ምላስ የት አለና! ጆሮና ብልጠት ነው እንጂ። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር የኖረችው ሴትዮ፣ እሷን የሚጠረጥር አንድ ሰው ባለመኖሩ ነበር ሥራዋን ይዛ የኖረችው።

አሻግሬ የመጣው ያለፈው ጥቅምት ነው። ፎርት ዎርዝ መጋዘን ላለው የባሕር ምግብ አከፋፋይ ይነዳል። ዲቪ ደርሶት ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ሲናገር ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናቸውም አንድ ነው። በረዶ የተሞላውን ሳጥን ከመኪና ሳያወርድ በፊት "እንደምን አደሩ እትዬ አይናዲስ" ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ አጉድሎ አያውቅም። ሚስቱ ሃይሚ አዲስ አበባ ናት፤ በመስከረም ኤምባሲ ኢንተርቪው አላት። ይህንንም አንድ ጠዋት ራሱ ነው የነገራት።

"ካምፓኒው የሥራ ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ሥራው ከተቋረጠ ግን፣ ማለቴ፣ ኢንተርቪው ላይ ችግር ነው አለኝ ሎየሩ።"

አይናዲስ "እግዚአብሔር ያገናኛችሁ" አለችው፤ በልቧ ግን "ይህን ለእኔ ምን አስነገረው? ነገ ተነገ ወዲያ አንድ ነገር ሊለምነኝ ነው" አለች። ወራት አለፉ፤ ምንም አልለመናትም። ይህም ደግሞ አጠራጠራት።

ነገሩ የተነሣው ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሻግሬ የታዘዘውን ሁሉ አውርዶ ሲያበቃ፣ አንድ ትንሽ ከረጢት ለብቻው አመጣ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ሳምፕል ነው እትዬ። አዲስ ናቸው፣ ለሼፉ ይሰጥልን፣ ይቅመሰው አሉኝ።"

"ኢንቮይሱ ላይ የለም።"

"ሳምፕል ስለሆነ ይሆናል። ፍሪ ነው።"

"ፍሪ!" አለች አይናዲስ። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ስትኖር ፍሪ የሚባል ነገር ያየችው የባንክ እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ እሱም በሰንሰለት ታስሮ ነው።

ታጉን አነበበች። ማታጎርዳ ቤይ፣ ቴክሳስ ይላል። ከረጢቱን ፈታች። ዛጎሎቹ ትንንሽ፣ ክብ፣ ጎድጓዳ ናቸው። ጭቃ የላቸውም፣ በጀርባቸው ያዘሉት የለም፣ የታጠበ ሲኒ ይመስላሉ። አንዱን አገላብጣ አየችው። ይኼ የቴክሳስ ልጅ ከሆነ እኔ የስዊድን ልጅ ነኝ አለች በልቧ። ደግሞስ በነሐሴ? ሬስቶራንታቸው ባሕሩ በሚሞቅበት ወራት፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ የቴክሳስ ኦይስተር በበሩ አያስገባም። ታጉን ያሰረውም የወትሮው ሽቦ አይደለም፤ ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። እዚህ ላይ የሐምሌው ወሬ ትዝ አላት። ከሰሜን፣ ከአንድ የባሕር ዳርቻ የወጣ ኦይስተር ሰው አሳምሞ፣ ካለበት ተለቅሞ እንዲጣል ታዝዞ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ተጥሏል ያለው ማነው? አንዱ ሌባ ሰብስቦ፣ ከረጢት ለውጦ፣ የሌላ አገር ታግ አንጠልጥሎበት ቢሆንስ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

"ይችን ታግ ያሰርካት አንተ ነህ?"

"ኧረ አይደለሁም እትዬ። እንዲሁ ነው የሰጡኝ" አለና መሬት መሬት አየ።

ታላቅ ሰው ሲያናግረው መሬት የሚያይ ልጅ የት እንዳደገ አይናዲስ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እሷም እንደዚያው ነው ያደገችው። ያን ጠዋት ግን የተጎነበሰ ዓይን ሁሉ የሌባ ዓይን ሆነባት። ታጉን ቆርጣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና አሌክስን ጠራች።

አሌክስ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። የሐምሌው ነገር እንቅልፍ ነስቶት የከረመ ሰው ነው። ከከረጢቱ አንዷን አንሥቶ ፈለቀቀ፣ አሸተተ፣ ምንም የለውም። መቅመስ ግን አልደፈረም። በዛጎሉ እንዳለ ወደ አሻግሬ ዘረጋለት።

"ደኅና ነው ካልክ፣ መጀመሪያ አንተ ብላው።"

"እኔ አልበላም" አለ አሻግሬ። "ሃይማኖቴ አይፈቅድም። አሁን ደግሞ ጾም ነው።"

አሌክስ ሳቀ፤ የቁጣ ሳቅ። "ሃይማኖት? አይና የአንተው ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም? እሷ በየቀኑ ትበላለች! አይና፣ ይህን አትብሉ የሚል ሃይማኖት ነው ያላችሁ?"

አይናዲስ "አዎ" ብትል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባዋ የተሸሸገው ሁሉ በር ላይ ሊዘረገፍ ነው። ሰሌዳው፣ ባሩ፣ ስሟ፣ ሁሉም ሊሄድ ነው። "አይ" ብትል ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ነው። ሁለቱንም አላለችም።

"እንደ ሰዉ ነው" አለች። "ሰው ይለያያል።"

አሻግሬ ያን ጊዜ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አያት። አንድ ነገር የሚናገር መሰላት። እሱ ግን "እሺ" ብቻ አለና ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አሌክስ ወዲያው ፎርት ዎርዝ ኮል አደረገ። ሳምፕሉን የላከው የሽያጭ ሰው ቬኬሽን ላይ ነው፤ ሾፌሮቹን የሚያሰማራው ዲስፓቸር ስለ ሳምፕል የሚያውቀው ነገር የለም። ሾፌሩን እስከ ረቡዕ ከሥራ አግደን እናጣራለን፣ እናንተ በአቤቱታችሁ ከጸናችሁ ግን እናሰናብተዋለን አለ። አሌክስም እንጸናለን አለና ስልኩን ዘጋው።

ያን ቀን አይናዲስ ሥራዋን እንዴት እንደጨረሰች አታውቀውም። የከነከናት የአሻግሬ መታገድ አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር። የከነከናት ዝም ማለቱ ነው። "ለምን አላጋለጠኝም?" ትላለች። "አንድ ቃል ቢናገር እኮ እኔ ውሸታም፣ እሱ እውነተኛ ነበር። ይዞታል! ምሥጢሬን ለሌላ ቀን ይዞታል። አንድ ቀን መጥቶ፣ እትዬ፣ ይህን አድርጊልኝ፣ ያለዚያ ለሼፉ እነግርብሻለሁ ሊል ነው።" እሑድ ቤተ ክርስቲያን በዓይኗ ፈለገችው። ከወንዶቹ በኩል ቆሟል። ቅዳሴ ወጥቶ ሲተላለፉ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ "እንደምን ሰነበቱ እትዬ" አላት። ከሥራ ያሳገደችውን ሴትዮ እጅ ይነሣል! አይናዲስ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬዋ እጥፍ ሆነ። ይህ ሰው ተንኮሉ ጥልቅ ነው አለች።

ስለዚህ ሳይቀድማት ልትቀድመው ወሰነች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሰኞ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ ታጉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ገና ጎህ ሲቀድ በመኪናዋ ወደ ደቡብ ወረደች። ታጉ ላይ የተጻፈው ቦታ ኦይስተር የማይወጣበት ከሆነ አሻግሬን አፉን የምታስይዝበት ማስረጃ አገኘች ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ነዳች። ሂዩስተንን አልፋ አገሩ ሜዳ እየሆነ፣ ሰማዩ ዝቅ እያለ፣ አየሩ ጨው ጨው ማለት ሲጀምር፣ አሥራ አንድ ዓመት ስለዚህ ባሕር ስታወራ አይታው እንደማታውቅ ትዝ አላት።

ታጉ ላይ በተጻፈው አድራሻ አንዲት ፀሐይ ያጠቆራት፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረገች ፈረንጅ አገኘች። አይናዲስ ሰላምታም ሳታበዛ ታጉን አወጣችላት።

"ይህን ታውቂዋለሽ?"

ሴትየዋ አየችውና ፈገግ አለች። "የእኔ ነው። ምነው፣ ችግር አለ?"

"በፕላስቲክ ለምን ታሰረ?"

"ሽቦው በጨው ይዝጋል።"

"ዛጎሉስ ለምን ጭቃ የለውም? የቴክሳስ ኦይስተር ጭቃ አለው። ይኼ የታጠበ ነው።"

ሴትየዋ መልስ ሳትሰጣት በትንሽ ጀልባ ይዛት ወጣች። ውሃው ላይ በረድፍ በረድፍ የተንሳፈፉ ጥቁር ቅርጫቶች አሉ። አንዱን ገልብጣ ከፈተችላት። ውስጡ እነዚያው ናቸው፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ ጎድጓዳ፣ ንጹሕ። የቴክሳስ ሕግ ኦይስተር በቅርጫት እንዲረባ የፈቀደው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው አለቻት። እነዚህ የባሕሩን ወለል ነክተው አያውቁም፤ ጭቃ ከየት ያመጣሉ? ማዕበሉ በቅርጫት ውስጥ ቀን ከሌት ሲያንከባልላቸው ጠርዛቸው እየተሰበረ ወደ ጎን መርዘም ትተው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳሉ። በሙቀቱ ወራትም ቢሆን እንደወጡ ወዲያው በረዶ ውስጥ ስለሚገቡ ይሸጣሉ። ከዚያም ደብተሯን አምጥታ አሳየቻት። ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ "ለዳላስ፣ ለቅምሻ" የሚለው ሁሉ ተጽፏል። ከመጋዘኑ ተመልሶ ደብተሩ ላይ የተለጠፈው የርክክብ ወረቀትም አለ፤ የተረከበው ሾፌር ፈርሞበታል።

"ይህን ማንም ሊያነብልኝ አልቻለም። ምን ይላል?" አለቻት ሴትየዋ።

በአማርኛ የተጻፈ ነው። ጥርት ባለ የትምህርት ቤት ጽሕፈት፣ "አሻግሬ" ይላል።

"ስሙ ነው" አለች አይናዲስ።

ሴትየዋ አንዷን ፈልቅቃ ዘረጋችላት። "እንግዲህ ስድስት ሰዓት ነድተሽ መጥተሻል፣ ቅመሻት።"

"አልበላም" አለች አይናዲስ። "ሃይማኖቴ አይፈቅድም።"

"ኦኬ" አለች ሴትየዋና ራሷ በላችው።

በቃ። አይናዲስ አሥራ አንድ ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው ነበር። ኦኬ። ወደ መኪናዋ ገብታ መሪውን ይዛ አለቀሰች። አፈረች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፣ እዚህ ግን የበላ አይጥ እንኳ አልነበረም። ዳዋውን የመታችው እንዲያው በገዛ እጇ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አሌክስ ሰሌዳው ሥር ጠመኔ ይዞ ሲቆም ሁሉን ነገረችው፤ ቅርጫቱን፣ ደብተሩን፣ ፊርማውን። ስልኳ ላይ ያነሣችውን ፎቶም አሳየችው። አሌክስ ጥሩ አድርጎ አየ።

"ኦይስተሩስ እሺ" አለ። "በእሱ ተሳስተናል። ሰውየው ግን ዓይኔን እያየ ዋሸኝ። አልበላም ለማለት ሃይማኖት አመካኘ። የሚዋሽ ሰው ለደንበኞቼ የሚበላ ነገር እንዲያመጣ አልፈልግም። ነገ አይምጣ ብያቸዋለሁ፣ አይመጣም።"

አይናዲስ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሌላ መውጫ ስትፈልግ ነው የመጣችው። ስለ ጾም ብታስረዳው፣ ቄሱን ብታስደውልለት፣ አሻግሬ አጥባቂ ነው እኔ ግን ላላ ያልኩ ነኝ ብትለው... የመጨረሻው ጥሩ ነበር። ያድናት ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"አልዋሸህም" አለችው። "የዋሸሁህ እኔ ነኝ። አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም፣ አሌክስ።"

"ምኑን?"

"ኦይስተር። አሥራ አንድ ዓመት። አንዲት እንኳ።"

አሌክስ እየቀለደች መስሎት ሳቀ። ናፕኪኑን ከኪሷ አውጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንዴት እንደምታደርገው አሳየችው። ሳቁ ጠፋ።

"ታዲያ ኪያሩ? ሳንቲሙ? ጨው ጎድሎታል ያልሽኝ?"

"የደንበኞችህ ቃል ነው። ጨውን ደግሞ ከዝናቡ ነው የማውቀው።"

አሌክስ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሟን በክንዱ ጠረገው፤ ሸሚዙ በጠመኔ ነጣ። ከዚያ ስልኩን አነሣና ፎርት ዎርዝ ደወለ። "ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው፣ መልሱልን" ሲል ሰማችው። ስልኩን ዘግቶ ሳያያት "ከነገ ጀምሮ የኋላ በር ላይ ብቻ ነሽ" አላት። "ባሩ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።" አይናዲስ እሺ አለች። ተቆጥቶ ቢያባርራትም እሺ ለማለት ቆርጣ ነበር። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ሄዳ ሽርጧን አወለቀችና ናፕኪኑን ወደ ቆሻሻ ጣለችው።

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪናው እንደ ወትሮው ወደ ኋላ እየሄደ ጡጡ እያለ መጣ። አሻግሬ ወረደ።

"እንደምን አደሩ እትዬ አይናዲስ።"

"ይቅር በለኝ" አለችው። ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

"እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን እትዬ።" ሳጥን ማውረድ ጀመረ። "ደብዳቤውን ጻፉልኝ። ትናንት ለሃይሚ ላክሁላት።"

"ተመስገን" አለች። ደግሞ ዝም ማለት አልቻለችም፤ አምስት ቀን ሙሉ ያቃጠላት ጥያቄ ነው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን እንደምበላ አምነህ ነው ዝም ያልከው፣ አይደል?"

አሻግሬ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። መሬት መሬት እያየ፣ ልማዱ ነው፣ "አይ" አለ። "እንደማይበሉ አውቅ ነበር።"

"ማነው የነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም። የሰኔ ሚካኤል ሲቆርቡ አይቻለሁ። ይህን በልተው እንደማይቆርቡ አውቃለሁ።"

"አላየኸኝ፣ አላጣራህ፤ እንዲያው አመንከኝ?"

"ምኑን ነው የማጣራው እትዬ?"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" አለች አይናዲስ፤ ጩኸት ነበር ማለት ይቻላል። "ሥራህ እኮ ነው! ሚስትህ እኮ ናት! አንድ ቃል ብትናገር..."

አሻግሬ ጥያቄው ራሱ ግራ የገባው መሰለ።

"እንዴ እትዬ፣ እንጀራዎ ነዋ" አለና እንድትፈርም ወረቀቱን ዘረጋላት። አይናዲስ ተቀበለችው፤ በየትኛው መስመር ላይ እንደምትፈርም ግን ከእንባዋ የተነሣ አልታይ አላት።